ፒያኖን የመጽሐፍ አሽከር ስለ ማድረግ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ የአገራችን ሰው «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላል። ይህን ምሳሌ የማነሣው ስለ ዓይንና ስለ ጆሮ ለመናገር ነው። በዚህ በአንበሳሜም ሆነ በባሕር ዳር ለፈተና የሚዘጋጅ ወጣት መጽሐፉን ከመግለጡ አስቀድሞ ስልኩን ይከፍታል፤ ለጥናት የሚሆን ፒያኖ ተብሎ የተቀዳውን፣ ሦስትና አራት ሰዓት ሳያቋርጥ የሚፈሰውን ሙዚቃ ይመርጣል፤ ማዳመጫውን በጆሮው ሰክቶም አሁን ማንበብ ጀመርኩ ይላል። ምክንያቱን ስጠይቅ ሁሉም የሚመልሱልኝ አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ፒያኖ ቃል ስለሌለው ሐሳብ አይበትንም፣ እንዲያውም አእምሮ ያነቃል የሚል ነው። እኔ ግን ይህ ልማድ ንባብንም ሙዚቃንም በአንድነት የሚጎዳ ነው እላለሁ። ምክንያቴንም በየተራው እነሆ።

በመጀመሪያ «አእምሮ ያነቃል» የሚለው ወሬ ከየት እንደ መጣ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ፣ ሦስት ተመራማሪዎች ሞዛርት ለሁለት ፒያኖ የደረሰውን አንድ ሶናታ ለኮሌጅ ተማሪዎች 10 ደቂቃ ያህል አሰሟቸው፤ ከዚያም ቅርጽን በሐሳብ የማገላበጥ ፈተና ሰጧቸው። ሙዚቃውን የሰሙበት ጊዜ ውጤት በዝምታ ከተቀመጡበት ጊዜ የተሻለ ሆነ። ወሬው ዓለምን አዳረሰ። እ.ኤ.አ. በ1998 የጆርጂያ ግዛት ገዥ ለሚወለደው ሕፃን ሁሉ የሙዚቃ ቅጂ ይታደል ብሎ ሐሳብ እስከ ማቅረብ ደረሰ። ነገር ግን ወሬው ሲጓዝ ሦስት ነገር በመንገድ ጣለ። አንደኛ፣ ተማሪዎቹ ሙዚቃውን የሰሙት ከፈተናው በፊት ነው እንጂ ፈተናውን ሲሠሩ አይደለም። ሁለተኛ፣ የተገኘው ጥቅም ከ15 ደቂቃ አላለፈም። ሦስተኛ፣ ሌሎች ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 እንዳሳዩት የጥቅሙ ምንጭ የሰሚው መንፈስ መነቃቃትና ደስ መሰኘት እንጂ የሞዛርት ልዩ ኃይል አልነበረም። እንግዲህ ለዚህ ልማድ ምስክር ተብሎ የሚጠራው ነገር በልማዱ ላይ የሚመሰክር ሆኖ ይገኛል። እነዚያ ተማሪዎች መጽሐፍ አልያዙም፤ ቁጭ ብለው አደመጡ፤ ከዚያም ሙዚቃው ቆመና ሥራቸውን ሠሩ።

ቃል የሌለው ሙዚቃ ቃል ካለው ዘፈን ይልቅ ንባብን የሚጎዳው በጥቂቱ መሆኑን አልክድም። ከገጠር ስንቁን ተሸክሞ መጥቶ ጠባብ ክፍል የተከራየ፣ ከጎኑ ወፍጮ ቤት ወይም መጠጥ ቤት የሚጮህበት ተማሪ ያንን ጩኸት በፒያኖ ቢሸፍን አልፈርድበትም። በሽታ ያለበት ሰው መድኃኒት ይወስዳል። እኔ የምከራከረው ጸጥ ባለ ቤት ተቀምጦ ጸጥታውን ራሱን እንደ በሽታ ከሚቆጥረው ጋር ነው። እስቲ ይህን ልጠይቅህ፤ በምታነብበት ጊዜ ፒያኖው ይሰማሃል ወይስ አይሰማህም? የሚሰማህ ከሆነ ከልብህ ከፍሎ ወስዷል፤ መጽሐፉ የሚያገኘው ትርፍራፊውን ነው። የማይሰማህ ከሆነ ደግሞ ስለ ምን ታስመታዋለህ?

አንዳንዱ «አባቶቻችንስ ሲሠሩ ይዘፍኑ አልነበረምን?» ይለኛል። አዎን፣ ይዘፍኑ ነበር፤ ዛሬም ይዘፍናሉ። በአጨዳና በውቂያ ጊዜ ወንፈል የወጣ ሰው ዜማ ካልሰማ ክንዱ ቶሎ ይዝላል። እናቶቻችንም በድንጋይ ወፍጮ ሲፈጩ ያንጎራጉሩ ነበር። ነገር ግን ያ ዜማ ከሥራው የተወለደ ነው፤ ማጭዱ ከማጭዱ እኩል እንዲሄድ፣ እጅ የመጁን ምልልስ እንዲጠብቅ ያደርጋል። እጅ ሲሠራ ጆሮ ሥራ ፈት ነውና ዜማ ቢሰጡት ደስ ይለዋል። ንባብ ግን እንዲህ አይደለም፤ የሚያነበውም የሚሰማውም ያው አንዱ ልብ ነው። ስለዚህ ልብስ ስትተኩስ፣ ቤት ስትጠርግ፣ ሽሮ ስትሠራ ፒያኖም ሆነ ክራር የወደድኸውን ክፈት፤ አልቃወምህም።

የአእምሮ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ልታውቅ ብትወድ የጎጃምን የቅኔ ቤቶች፣ ዋሸራንና ጎንጅን፣ ተመልከት። የቅኔ ተማሪ የሚኖረው ማኅሌት በሚቆምበት፣ ከበሮና ጸናጽል በሚሰማበት ደብር አጠገብ ነው። እንደ እርሱ በዜማ የተከበበ ማን አለ? ሆኖም ቅኔ ለመቁጠር በተነሣ ጊዜ ከሰው ተለይቶ ወደ ዱር ወይም ወደ ዛፍ ጥላ ይሄዳል፤ አንዱን ቃል ከሌላው የሚያጋጥመው በዝምታ ነው። ድጓ የሚማረውም ዜማ በሚማርበት ሰዓት ዜማ ብቻ ይማራል፤ የመምህሩን ድምፅ ለሌላ ጥናት ማጀቢያ አያደርገውም። እኔ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው፤ በዚያም ለመዝሙር ሃርሞኒየም ሲከፈት የሂሳብ ደብተር ይታጠፍ ነበር። ሁለቱ ቤቶች በብዙ ነገር ቢለያዩም በዚህ አንድ ነበሩ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ደግሞ ለዚህ አገልግሎት ከሚመረጡት መካከል የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ መገኘቱ ነው። የሚያስመርጠውም ያገር ልጅ ናቸው፣ ሙዚቃቸውም ይረጋጋል የሚል ነው። እኒህ ሴት በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ፤ አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። በስድስት ዓመታቸው ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ተላኩ፤ በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ከቤተ ሰቦቻቸው ጋር ተግዘው በአሲናራ ደሴት ታሰሩ፤ ከነጻነት በኋላ በካይሮ ኮንቶሮቪች ከሚባል የፖላንድ ተወላጅ ሙዚቀኛ ዘንድ ተማሩ፤ በመጨረሻም ዓለምን ትተው በግሸን ማርያም መነኮሱ። በኋላ በጎንደር የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ የቆሎ ተማሪዎች እየለመኑ ሲበሉ፣ ሌሊትም በቤተ ክርስቲያን ደጅ መሬት ላይ ሲተኙ አዩ። የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ስለዚህ በፒያኖአቸው ሊረዷቸው ቈረጡ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀርመን አገር ሸክላ አስቀረጹ፤ ገቢውም ለድኾች ልጆች እርዳታ እንዲውል አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በገዳም ኖሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 «ኢትዮፒክ» በሚባለው ተከታታይ የሙዚቃ እትም 21ኛው ቅጽ ሥራቸው ሲወጣ ዓለም አወቃቸው። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ዐረፉ።

ልብ በል፤ ይህ ፒያኖ በእውነት ስለ ተማሪ የተመታ ፒያኖ ነው። ምናልባት «ታዲያ ተማሪ ሲያጠናበት ደስ አይላቸውምን?» ትለኝ ይሆናል። እርሳቸው ለተማሪው ያሰቡለት እንጀራና መጠለያ ነበር፤ ይኸውም ተጠግቶ በሰላም እንዲማር ነው። የዜማው ዋጋ ደግሞ የሰሚው ጆሮ ነው፤ ሸክላውን የገዛ ሰው ሊሰማው ገዛው። አንተ ግን ጣራ ከላይህ፣ መብራት ከፊትህ እያለ ያንኑ ዜማ እንደ ግድግዳ ቀለም ከኋላህ ለጥፈህ ታነባለህ፤ ሲያልቅ ማለቁን፣ ሲጀምር መጀመሩን አታውቅም። እንግዳን ወደ ቤት ጠርቶ ፊት ነሥቶ መቀመጥ በአገራችን ነውር ነው፤ ሙዚቀኛንም እንዲሁ ማድረግ ነውር ነው።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተፈትነው ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ይህን ጥፋት በፒያኖ አላሳብብም፤ ምክንያቱ ብዙ ነው። ነገር ግን በዚያ አዳራሽ ስልክም ማዳመጫም እንደማይገባ ሁሉም ያውቃል። በሙዚቃ ተደግፎ ብቻ ማሰብ የለመደ ወጣት በዚያ ቀን ከጥያቄው ሌላ ዝምታውም ባዕድ ሆኖ ይጠብቀዋል። ከፈተናው በኋላም በሕይወቱ ብቻውን ሊያስበው የሚገባ ብዙ ነገር አለ፤ ለዚያ ሁሉ ፒያኖ የሚመታለት አያገኝም።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ምክሬ ቀላል ነው። ከጥናት በፊት ወይም በኋላ 10 ደቂቃ ተቀመጡና የእማሆይን አንዱን ዜማ ምንም ሳትይዙ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አድምጡ። ከዚያም ስልኩን ዝጉና ከክፍላችሁ አርቃችሁ አኑሩት፤ መጽሐፉንም ግለጡ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዝምታው ይከብዳችኋል፤ ጆሮአችሁ ይቅበዘበዛል። አትፍሩት፤ በሳምንት ውስጥ ትለምዱታላችሁ።