ወይራ ለከሰል እንጂ ለጊታር አይሆንም ላላችሁኝ

ይህን ጽሑፍ ሦስት ቀን አቆይቼዋለሁ። ተናድጄ ስጽፍ እንደማያምርብኝ የቀድሞ ተማሪዎቼ ታውቃላችሁ። ንዴቱ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልበረደም፤ ግን ይብቃኝ፣ ልጻፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ የጠገነውን የኤሌክትሪክ ጊታር ፎቶ እዚሁ ገጼ ላይ ለጥፌ ነበር። ልጁ አሁን ደብረ ብርሃን ውስጥ የቤት ዕቃ ይሠራል። ጊታሩ የትምህርት ቤታችን የሚኒ ሚዲያ ክበብ ነው፤ ያረጀ ነው፣ ርካሽም ነው። ፊንገርቦርዱ፣ ማለትም አንገቱ ላይ ተለጥፎ ፍሬቶቹ የሚተከሉበት ያ ስስ ጣውላ፣ ተሰንጥቆ ጥቅም መስጠት አቁሞ ነበር። ልጁ አሮጌውን አንስቶ በወይራ ተካው። የድሮዎቹን ፍሬቶች ነቅሎ፣ አጽድቶ መልሶ ተከላቸው። ዛሬ ክበቡ ይጫወትበታል።

ኮሜንቶቹን አንብባችኋል። «የማገዶ ጊታር»። «ጋን ልታጥኑበት ነው እንዴ?» «ወይራ ለከሰል ነው፤ ሮዝውድ ወይም ኢቦኒ ካልሆነ ጊታር አይባልም»። እኔም ስቄ አለፍኩ። ቀልድ አልጠላም።

ማታ ልጁ ደወለልኝ። አንድ ባንድ ያለው ሰው ሁለት አንገት ሊያሠራው ተስማምቶ ነበር፤ ወይራ መሆኑን ሲሰማ ተወው። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ «ቲቸር፣ ጥቁር ቀለም ልቀባውና ኢቦኒ ነው ልበል?»

ቀልዱ እዚህ ላይ አለቀ።

ልጁ ይህን ሲጠይቀኝ እሱም እኔም አንድ ነገር እናውቃለን። ያ የተሰነጠቀው የድሮ ፊንገርቦርድ፣ እኛ «ኢቦኒ ነው» እያልን ስንኮራበት የኖርነው፣ ሲላግ ውስጡ ነጣ ያለ እንጨት ሆኖ ነው የተገኘው። ቀለም ነበር! ፋብሪካው ቀብቶ ላከልን፣ እኛም ስሙን ገዛን። አሁን ደግሞ አንድ ጨዋ ልጅ እንጀራው እንዳይቋረጥ ያንኑ ውሸት እንዲደግም እያስገደድነው ነው። እናንተ ስለ እንጨት የቀለዳችሁ መሰላችሁ። ልጁ ግን የሰማው «ካልዋሸህ አንገዛህም» የሚል ነው።

ስለዚህ እስኪ በነገሩ ላይ እንከራከር።

ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ፊዚክስ ያስተማርኳችሁ ይቺን ታስታውሳላችሁ፤ ማግኔትና የመዳብ ጥቅል። ፋራዴይ በ1831 እ.ኤ.አ. ያሳየው ነገር። የኤሌክትሪክ ጊታር ፒክአፕ ማለት ይኸው ነው፤ ማግኔት፣ በዙሪያው ብዙ ሺህ ጊዜ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ። ከበላዩ የብረት ክር ሲርገበገብ መግነጢሳዊ መስኩ ይናወጣል፣ ጥቅሉ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፣ እሱ በገመድ ወደ አምፕሊፋየሩ ይሄዳል። ፒክአፕ የሚያነበው የብረቱን ክር ነው። ናይሎን ክር ብትወጥሩበት እንኳ ዝም ይላል፤ እንጨትማ ከየት ሰምቶ!

ደግሞ ክሩን በጣታችሁ ስትጫኑት የሚያርፈው ምን ላይ ነው? ፍሬቱ ላይ፣ ብረት ላይ። ድምፅ የሚሰጠው ከፍሬቱ እስከ ብሪጁ ያለው የክሩ ክፍል ነው፤ ያ ደግሞ ፊንገርቦርዱን አይነካውም።

እንጨት ምንም ድርሻ የለውም እያልኩ አይደለም። አንገቱ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚመዝን፣ ክሩ ቶሎ ይሞታል ወይስ ይቆያል የሚለውን ይነካል። አንዳንድ ጊታር ላይ አንዷ ኖታ ሳይታሰብ ቶሎ የምትጠፋው ለዚህ ነው። ግን የምናወራው ከግማሽ ሴንቲሜትር ብዙም ስለማይበልጥ ውፍረት ነው። የዚያን ልዩነት የክር መቀየር ይውጠዋል። የቶን ቁልፏን ትንሽ ማዞር ይውጠዋል። የተጫዋቹ እጅማ ምንም አያስተርፍለትም።

ጊታሩ ከመጠገኑ በፊት፣ ገና ጥቂት ኖታ ይሰጥ በነበረ ጊዜ የቀዳሁት ድምፅ ስልኬ ላይ ነበር። ከተጠገነ በኋላ ያንኑ በዚያው አምፕሊፋየር ቀዳሁና ለክበቡ ልጆች አሰማኋቸው። የቱ ወይራው ነው? አንዱ ይኼ ሲል ሌላው ያኛው ነው ይላል። ጊታር ለዓመታት የተጫወተ ጓደኛዬ «ይኼ ሮዝውድ መሆን አለበት፣ ሞቅ ይላል» ብሎ የጠቆመው ወይራውን ነው። ይህን ሳይንስ ነው አልልም፤ ክሩም አዲስ ነበር። ግን ያ ሁሉ «ሞቅ ይላል፣ ደመቅ ይላል» ወሬ ከዓይን እንጂ ከጆሮ እንደማይመጣ ለእኔ በቂ ማሳያ ነው።

የኛ ሰው ለምን እንደሚሳሳት ግን ይገባኛል። ጆሯችን ያደገው በበገናና በማሲንቆ ነው። በገና ላይ ድምፁን የሚሸከመው ገበቴውና የተወጠረው ቆዳ ነው፤ ያ ጥዝዝ የሚለው ድምፅ ደግሞ ከበርኩማውና ከእንዚራው ይመጣል። እዚያ የእንጨቱ ክብደትና የቦረቦረው እጅ ሁሉም ይሰማል። ትክክል ናችሁ፣ ለበገና እንጨት ምረጡ፣ ተጨነቁ። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በገናም፣ ክራርም፣ ማሲንቆም ፊንገርቦርድ የላቸውም። ማሲንቆ ላይ ጣት ክሩን የሚነካው አየር ላይ ነው፤ አንገቱ ላይ አይጫነውም። ስለዚህ ስለ ፊንገርቦርድ ከአባቶቻችን የወረስነው ሕግ የለም። የወረስነው ከዩቲዩብ ነው።

ዩቲዩቡንም ቢሆን እስከ መጨረሻው አላየነውም። ፌንደር በ1950ዎቹ መጀመሪያ የጊታሮቹን አንገት በሜፕል ብቻ ነበር የሚሠራው። ሮዝውድ ያስገባው በ1958 እ.ኤ.አ. በጃዝማስተር ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ምክንያት ደግሞ ነጣ ያለው ሜፕል በላብና በእድፍ እየጠቆረ መልኩ ስለሚበላሽ ነው። መልኩ! ሄንድሪክስ በ1969 ውድስቶክ ላይ የተጫወተበት ነጭ ስትራቶካስተር ፊንገርቦርዱ ሜፕል ነው። በ2017 ደግሞ የሮዝውድ ዝርያዎች በሙሉ በዓለም አቀፉ የንግድ ቁጥጥር ሥር ሲገቡ ያው ፌንደር ሜክሲኮ የሚሠራቸውን ጊታሮች ፓው ፌሮ ወደሚባል ሌላ እንጨት ቀየራቸው። ሙዚቃ ቆመ? አልቆመም።

ኢቦኒን በተመለከተ ከሁሉም የሚያሳፍረውን ልንገራችሁ። ቴይለር የተባለው የአሜሪካ ጊታር አምራች በ2011 ካሜሩን ውስጥ የኢቦኒ ፋብሪካ ሲገዛ ያገኘው ነገር አለ። እንጨት ቆራጮቹ ድፍን ጥቁር የሆነ አንድ ዛፍ ለማግኘት አሥር ያህል ይቆርጡ ነበር። ቡናማ መስመር ያለበትን ገበያው ስለማይፈልገው እዚያው ጫካ ውስጥ ጥለውት ይሄዳሉ፣ ይበሰብሳል። ጥንካሬው ያው፣ ዕድሜው ያው፤ ጥፋቱ መዥጎርጎሩ ብቻ። ቴይለር መዥጎርጎሩን ተቀብሎ ጊታር ላይ ማዋል ጀመረ። «ጥቁር ካልሆነ» የሚለው የኛ ኮሜንት እዚያ ጫካ ውስጥ ዋጋ ነበረው ማለት ነው።

የሚገርመው ደግሞ ዞቢ የምንለው የቆላ ዛፍ ከሮዝውድ ጋር አንድ ወገን ነው፤ ሁለቱም ዳልበርጊያ ናቸው። ፈረንጆቹ ምርጥ ክላርኔት የሚሠሩት ከእሱ ነው። አገራችን ውስጥ ይበቅላል። እኛ ግን የአክስቱን ልጅ በዶላር ካላስመጣን ጊታር አይሆንም እንላለን።

እሺ፣ ታዲያ መምረጥ የለም? አለ እንጂ! የሚመረጠው ግን ለእጅና ለአየር ጠባይ ነው። ሜፕል በቫርኒሽ ስለሚሸፈን ላብ የሚበዛበት እጅ ላይ ይጣበቃል፤ አንዳንዱ ሰው ደግሞ ያን ልስላሴ ይወደዋል። ሮዝውድ በተፈጥሮው ቅባት አለው፣ ሳይቀባ ይያዛል። ወይራም እንደዚያው ነው። ዘነዘና የያዘ እጅ ያውቀዋል፤ በተያዘ ቁጥር እየለሰለሰ የሚሄድ እንጨት ነው።

የአየሩ ነገር ከዚህም ይብሳል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ደረቅ ፀሐይ። ሐምሌ ደግሞ ልብስ እንኳ አይደርቅም። እንጨት ይጠጣል፣ ያብጣል፤ ይደርቃል፣ ይሸበሸባል። በበጋ የጊታራችሁ አንገት ጠርዝ ላይ የፍሬቶቹ ጫፍ ወጥቶ እጃችሁን የሚቧጭራችሁ ፍሬቱ ስላደገ አይደለም፤ እንጨቱ ስለጠበበ ነው። እዚህ ላይ ጥያቄው «ስሙ ማን ነው?» አይደለም። «በደንብ ደርቋል ወይ?» ነው።

ወይራ ይሰነጠቃል ላላችሁት፣ አዎ፣ እርጥብ ከሆነ ይሰነጠቃል። ልጁ የመጀመሪያውን የሠራው ገና ካልደረቀ እንጨት ነበር፤ ወር ሳይሞላው ተጣመመ፣ ጣለው። ሁለተኛውን ያወጣው አንኮበር ያለው አጎቱ ቤት ሲፈርስ ከተነሳ የወይራ ቋሚ ነው። ያ ቋሚ ልጁ ሳይወለድ ጀምሮ ጣራ ተሸክሞ ሲደርቅ የኖረ ነው። የትኛው ፋብሪካ ነው እንዲህ ታግሶ እንጨት የሚያደርቅላችሁ?

ደግሞ ወፍ ዋሻ ገብታችሁ ወይራ ቁረጡ አላልኩም። ያን ያለኝ ሰው ካለ ከተማሪዎቼ መዝገብ እሰርዘዋለሁ። ዘርዓ ያዕቆብ የጥድ ዘር ወስዶ መናገሻ ላይ አስተከለ እየተባለ የሚተረክለት ጫካ ነው፤ ይጠበቅ። እኔ የማወራው ስለፈረሰ ቤት ቋሚ፣ ስለተጣለ ድግር ነው። አንድ ፊንገርቦርድ ግማሽ ሜትር ያህል ርዝመት፣ ስድስት ሴንቲሜትር ያህል ስፋት ነው። ከአንድ ቋሚ ከደርዘን በላይ ይወጣል። ያ ቋሚ ዛሬ የት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ፤ ወደ ምድጃ። «ወይራ ለጊታር አይገባም» ብሎ የጻፈልኝ ሰው ስልኩን ይዞ ቡና ሲጠጣ የነበረው በወይራ ከሰል ይሆናል።

አሁን የራሴን ልናገር። እኔ ያለኝ ዲፕሎማ ነው። ሁለተኛ ደረጃ እያስተማርኩ ስንት ጊዜ «የምን ምሩቅ ነው?» እንደተባልኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ክፍል ገብቶ ያስተምራል ወይ፣ ልጆቹ ገባቸው ወይ ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። ዲግሪ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፣ በክረምት እየተማርኩ ነው። ግን ወረቀት ብቻ ተጠይቆ ሥራው ሳይታይ ሲቀር ሰው ምን እንደሚሠራ አይቻለሁ። ወረቀት ይገዛል። ልጁም እንጨቱን ጥቁር ሊቀባ የፈለገው ለዚሁ ነው። ስም ብቻ የሚጠይቅ ገበያ የሚያፈራው ስም የሚቀባ ሰው ነው።

ለልጁ ምን አልኩት? «አትቀባ። ወይራ ነው በል። ፍሬቱን አስተካክል፣ ጠርዙን አለስልስ፣ ዘይት ቀባውና ይናገር» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ «ቲቸር፣ እርስዎ ደመወዝ አለዎት» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለዚያ ዝምታ ነው።

ስለዚህ ጊታር የምታሠሩ፣ የምትገዙ፣ አዲስ አበባ ያላችሁም ውጭ ያላችሁም፣ ሦስት ጥያቄ ጠይቁልኝ። እንጨቱ ስንት ጊዜ ደረቀ? ጭረቱ ቀጥ ያለ ነው? ፍሬቶቹ እኩል ናቸው? ከዚያ በእጃችሁ ያዙት፣ ተጫወቱበት። ጥቁር ሰሌዳ ሲያሳዩአችሁ ደግሞ ነጭ ጨርቅ አርጥቡና ጫፉን ሸት ሸት አድርጉት፤ ጨርቁ ከጠቆረ የገዛችሁት ቀለም ነው።

ማህሙድ አህመድ በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራውን «ኤሬ መላ መላ» ስንት ጊዜ ሰምታችኋል? የጊታሩ ፊንገርቦርድ ከምን እንጨት እንደነበር የጠየቀ አለ? እኔም አልጠየቅኩም። ሰማን፣ ወደድነው፣ አለቀ።

«የማገዶ ጊታር» ብለህ የጻፍክ ወንድሜ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ክበቡ ልምምድ አለው። ና፣ ጊታሩን ያዘው። ከተጫወትክበት በኋላም ማገዶ ነው ካልክ ኮሜንትህን አልሰርዘውም። ካልሆነ ግን ለልጁ ደውለህ አንድ አንገት እዘዘው። ስልኩን በውስጥ መስመር እሰጥሃለሁ።

ሰላም እደሩ።