ልጣለው ወይስ ላብላው?

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ አንድ ትልቅ ፌስታል ይዘው ቤቴ መጡ። ሁለት የልጅ ልጆች ያሳድጋሉ፤ ሴቷ 9 ዓመቷ ነው፣ ወንዱ 4። እናታቸው አዲስ አበባ ትሠራለች፤ ወደ ጉንደ ወይን የሚመጣ መኪና ስታገኝ ያላትን ትልካለች። ፌስታሉን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉትና፣ «ሲስተር፣ ልጄ ለፍታ የገዛችውን መጣል ግፍ ነው። ለልጅ ማብላቱ ደግሞ መርዝ ነው እያሉ በሬዲዮ ያወራሉ። እስቲ አንቺ ንገሪኝ፤ ልጣለው ወይስ ላብላው?» አሉኝ።

ወዲያው አልመለስኩላቸውም፤ ቡና ማፍላት ጀመርኩ። በዚህ ጥያቄ ላይ ፈጥኜ መናገር አንድ ጊዜ ብዙ ሊያስከፍለኝ ነበር።

ነገሩ የሆነው ከብዙ ዓመት በፊት ጤና ጣቢያ ስሠራ ነው። ያኔ የታሸገ ምግብ ቀንደኛ ጠላት ነበርኩ። እናቶች በተሰበሰቡበት ሁሉ፣ «በላስቲክ የታሸገ ነገር ለልጅ አትስጡ፤ ከጓሯችሁና ከጎተራችሁ ያለውን ስጡ» እያልኩ አስተምር ነበር። ብስኩት በሻይ እየነከሩ ለጨቅላ የሚያበሉ በዝተውብኝ ነበርና ከልቤ ነው የምናገረው። አንድ ቀን አንዲት ወጣት እናት ዓመት ከመንፈቅ የሆነው ልጇን አዝላ ከሩቅ ቀበሌ መጣች። ክንዱን ስለካው ቀዩ ላይ ወደቀ፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ማለት ነው። እብጠት የለበትም፣ ሲሰጡት ይበላል። ስለዚህ ቤቱ ሆኖ እንዲታከም የሳምንት ፕላምፒ ነት ሰጥተን ቀጠርናት። በሳምንቱ ስትመለስ ክብደቱ ጭራሽ ቀንሷል። ለሌሎቹ ልጆች አካፍላው ነው ብዬ ቆጣ አልኩ። እሷም ምንም ሳትመልስ የነጠላዋን ቋጠሮ ፈታችና ፓኬቶቹን ደረደረችልኝ። አንዱም አልተከፈተም።

«እርስዎ አይደሉም እንዴ የታሸገ ለልጅ አትስጡ ያሉን?» አለችኝ።

ልጁ ዳነ፤ ግን ብዙ ሳምንት ወሰደ። ያ የባከነው ሳምንት ሊገድለው ይችል ነበር፤ ጥፋቱም የእሷ አልነበረም፣ የእኔ ነው። ፕላምፒ ነት ማለት የኦቾሎኒ ቅቤ፣ የወተት ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ቫይታሚንና ማዕድን ፋብሪካ ውስጥ ተቀላቅሎ የታሸገ ምግብ ነው። 92 ግራም የምትመዝነው አንዷ ፓኬት 500 ካሎሪ ትሰጣለች። በላስቲክ መታሸጉ ያንን ልጅ አልጎዳውም፤ አለመከፈቱ ነው የጎዳው። ከዚያ ወዲህ «የታሸገ» የሚለውን ቃል ለብቻው እንደ ክስ አልጠቀምበትም።

ወደ ጠረጴዛው ልመለስ። ቡናው እስኪፈላ ዕቃውን ከጎረቤቴ ጋር አንድ በአንድ ለየነው።

መጀመሪያ ያነሳሁት የታሸገውን ጨው ነው። «ይኼማ ምን ያጠያይቃል፣ ጨው ነው» አሉኝ። ፋብሪካ ከነካቸው ምግቦች ሁሉ ለደጋው ጎጃም ይኼን ያህል የዋለለት ያለ አይመስለኝም። እኛ እዚህ ያደግን ሰዎች እንቅርትን ከመጽሐፍ አልተማርነውም፤ ገበያ ወጥተን ነው ያየነው። ዝናቡ አዮዲኑን ከአፈሩ አጥቦ ስለሚወስደው እህላችንም ከብታችንም አያገኘውም። በጨው በኩል ካልመጣ እናትየው እንቅርት ታወጣለች፣ የምትወልደውም ልጅ አእምሮው ሊጎዳ ይችላል። ቀድሞ አዮዲን የገባበት ጨው በኤርትራ በኩል ይመጣ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ ያ ተቋረጠና ከአፍዴራ የሚመጣውን ያልታከመ ጨው ስንበላ ከረምን። ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲገባበት የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ጨዉን ከድነው ከፀሐይና ከእሳት ዳር ያርቁት፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨምሩት አልኳቸው። ብዙ ሲንተከተክ አዮዲኑ ይቀንሳል።

መጠኑ ግን ሌላ ወሬ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ጎልማሳ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ ይህ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ የማይሞላ ነው። በ2007 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት የእኛ አማካይ ከ8 ግራም በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ይህንን ሁሉ ጨው ቺፕስ አላበላንም። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፣ ሽሮው ሲፈጭ ገብቶበታል፣ ወጡ ላይ ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ እንጨምራለን፣ አንዳንዱም ቀምሶ «አልጣመኝም» ብሎ አራተኛ ይነሰንስበታል። (የባለቤቴን ስም አልጠራም፤ የደም ግፊት መድኃኒቱን የማስታውሰው ግን እኔ ነኝ።) የቤት ምግብ ሁሉ ጤና፣ የሱቅ ሁሉ በሽታ የሚመስላችሁ ካላችሁ እዚህ ላይ ቆም በሉ።

ዘይቱን አገላብጬ አየሁት። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ዘይት ቫይታሚን ኤና ዲ፣ የስንዴ ዱቄት ደግሞ ብረት፣ ዚንክ፣ ፎሊክ አሲድና ሌሎችም ቢ ቫይታሚኖች እንዲገቡባቸው አስገዳጅ ደረጃ ወጥቷል። ፎሊክ አሲዱን ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። ሴቲቱ ገና ማርገዟን ሳታውቅ ነው የጽንሱ የጀርባ አከርካሪ የሚገጥመው፤ ልጅ ልትወልድ የምታስብ ልጅ ወይም ምራት ያለችው ቤት ዱቄት ሲገዛ ማሸጊያውን ያንብብ። ዘይት ሲሆን የሚረጋውን ከማይረጋው ለዩ። በብርድ የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ የሚሆነው ደም ሥር የሚያደነድነው የስብ ዓይነት ነው። እኛ የኑግ አገር ሰዎች ነን፤ አቅምና አቅርቦት ከፈቀደ ኑጉ ይሻላል። ካልተገኘ ደግሞ የሚረጋውን በማንኪያ እየለኩ መጠቀም ነው እንጂ ያለ ዘይት ይዋል አይባልም።

ፓስታ፣ መኮሮኒ፣ የቲማቲም ድልህ፣ የዱቄት ወተት፦ እነዚህን ወደ አንድ ጎን ገፋኋቸው። ምስር ወይም ጎመን ተጨምሮባቸው ምግብ ይሆናሉ። ጎረቤቴ ፊታቸው ፈታ አለ።

ቀጥሎ ኢንዶሚው መጣ፤ 10 ፓኬት። ልጆቹ ይወዱታል፤ በ3 ደቂቃ ይደርሳል። አንዲት አያት ከማገዶ ጋር ሲታገሉ ውለው ማታ በ3 ደቂቃ የሚደርስ ምግብ አትንኩ የሚል ሰው ማገዶ ለቅሞ አያውቅም። ግን ምን እንደሆነ ይታወቅ፤ በዘይት የተጠበሰ ነጭ ዱቄት ነው። ጨዉ የሚበዛው በትንሿ የቅመም ከረጢት ነው። ስለዚህ ከከረጢቷ ግማሹን ጨምረው ሌላውን ይጣሉት፣ አንድ እንቁላል ይምቱበት፣ ከጓሮ ጎመን ክተፉበት አልኳቸው። በጾም ምስር ክክ ይሆናል። ያለ ምንም ጭማሪ ሦስቴ በሳምንት ከቀረበ ግን ሆዱ የሞላ፣ ደሙ ያነሰ ልጅ ነው የምናሳድገው።

ከዚያ ብስኩቱና ባለ ፓኬት ጁሱ ተረፉ። የልጅ ልጃቸውን ጠራኋትና መነጽር ሆነችን፤ ጽሑፉ ለእኛ ዐይን አይሆንም። በጁሱ ማሸጊያ ላይ የተዘረዘረውን በፊደል በፊደል አነበበችልን፤ ውኃ፣ ስኳር፣ ከዚያ ነው ማንጎ የሚመጣው። ዝርዝሩ ብዛት ካለው ወደ ትንሹ እንደሚሄድ ስነግራት፣ «ታዲያ ለምን ማንጎ ብቻ ሳሉበት?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ለስላሳውም ከዚህ አይሻልም። በአንድ የ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ኮካ ውስጥ ከ30 ግራም የማያንስ ስኳር አለ፤ ከ7 የሻይ ማንኪያ በላይ ማለት ነው። ለ4 ዓመቱ ልጅ የቀኑ ገደብ በአንድ ጠርሙስ አለቀ። ብስኩት በሻይ ደግሞ ከሁሉ የባሰው ነው፤ ስኳሩ ሳያንስ ሻዩ ከምግብ የሚገኘውን ብረት እንዳይመጠጥ ያደርጋል።

ጎረቤቴ ይኼን ሁሉ ሰምተው፣ «እንግዲህ ድሮ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም» አሉ። በዚህ አልተስማማሁም። በሶ ምንድን ነው? የተቆላና የተፈጨ፣ ውኃ ብቻ የሚፈልግ ፈጣን ምግብ። ድርቆሽ፣ ቋንጣ፣ ቆሎ ሁሉም እንዲቆዩና ቶሎ እንዲደርሱ ተብለው የተዘጋጁ ናቸው። ፋፋንስ ብትሉ፣ ስንዴ፣ ሽምብራ፣ አኩሪ አተርና የወተት ዱቄት የተቀላቀለበት የሕፃናት ምግብ አይደል? ከስዊድን ጋር በተቋቋመ የሕፃናት ሥነ ምግብ ድርጅት ሥራውን የጀመረው ገና በ1950ዎቹ ነው። ማዘጋጀትና ማሸግ አዲስ ነገር አይደለም።

አዲሱ ነገር ሌላ ነው። በብራዚል የሳኦ ፓውሎ ዩኒቨርሲቲው ካርሎስ ሞንቴሮ ምግብን በአዘገጃጀቱ 4 ቦታ የሚከፍል ዘዴ አወጡ። አራተኛው ምድብ በወጥ ቤት የማይገኙ ነገሮች፣ ማጣፈጫና ቀለም የገቡበት የፋብሪካ ምግብ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ውስጥ 20 ጎልማሶች እዚያው እያደሩ 2 ሳምንት የዚህን ምድብ ምግብ፣ 2 ሳምንት ደግሞ ብዙም ያልተነካካ ምግብ እስኪጠግቡ በሉ። በፋብሪካው ምግብ ጊዜ በቀን 500 ካሎሪ ያህል ጨምረው በሉ፤ ክብደታቸውም 1 ኪሎ ገደማ ጨመረ። ይበሉ የነበረውም ፈጠን ፈጠን እያሉ ነው፤ ሆዱ በቃኝ ሳይል ሳህኑ ያልቃል። ለዚህ ነው ልጅ አንድ ፓኬት ብስኩት ጨርሶ ሌላ የሚለምነው፤ ንፍሮ ግን ሳያስጨንቅ የሚያጠግበው። እዚህ ላይ ግን ያችን እናት አስታውሱ። በዚህ ምደባ ፕላምፒ ነትም አራተኛው ውስጥ ነው የሚወድቀው። እኔ የምጠይቀው ከምድቡ አስቀድሜ ነው፤ ይህ ነገር በልጁ ሳህን ላይ የመጣው የምንን ቦታ ለመውሰድ ነው? ምንም ባልነበረበት ከመጣ አንድ ነገር ነው፤ ምስሩንና ወተቱን ገፍቶ ከመጣ ሌላ ነው። ዋጋውንም አብራችሁ አስቡ። ቁጥር አልጽፍም፤ ጋዜጣው ታትሞ እስኪደርሳችሁ ይለወጣል።

ጎረቤቴ ከሁሉ የከበዳቸው ለልጃቸው መንገሩ ነበር። እኔው ደወልኩላትና ድምፁን ከፍ አድርገን አብረን አነጋገርናት። ብስኩቱንና ጁሱን ትተሽ በዚያ ገንዘብ የዱቄት ወተትና ኦቾሎኒ ላኪ አልኳት። ዝም አለች። ቆይታ፣ «እማዬ፣ ወተቱን ማን እንደላከው ልጆቹ በምን ያውቃሉ? ብስኩቱን ሲያዩ ነው እናታችን የሚሉት» አለች። ጎረቤቴ ዐይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ለዚህ በኮሌጅ የተማርኩት መልስ የለም።

ጁሱ ቀረ። ብስኩቱን ግን አስቀርቼ አልላክሁባትም። እሑድ እሑድ ምሳ ከተበላ በኋላ ትደውላለች፤ ያን ጊዜ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ፍሬ ይሰጣቸዋል። ትንሹ አፉን ሞልቶ ሲያናግራት ምን እንደሚል አይሰማትም፤ እሷ ግን «ደግመህ በለው» እያለች ትስቃለች። ኢንዶሚውም በጎመንና በእንቁላል ተሠርቶ ቀርቧል። ልጅቷ በላችው። ወንዱ ጎመኑን አንድ በአንድ ለቅሞ ሳህኑ ዳር ደረደረው። ጎረቤቴ በሚቀጥለው አድቅቀው ሊከትፉት አስበዋል።