ፊልሙ ሲያልቅ ሞተሩ ይነሳ ይሆን?

ካምፐር ቫኑ ከከተማ ርቆ ጫካ ዳር ቆሟል። በጎኑ ነጭ አንሶላ ተወጥሯል፤ ልጆች ብርድ ልብስ ደርበው ተኮልኩለዋል፤ ከትንሽ ፕሮጀክተር የሚወጣው ብርሃን አንሶላውን ሲኒማ ቤት አድርጎታል። ፊልሙ ያልቃል፤ ሁሉም ይተኛል። በማግሥቱ ጠዋት አባት ቁልፉን ሲያዞር ከሞተሩ ክፍል የሚሰማው «ቀጭ» የሚል ድምፅ ብቻ ነው። የስልክ ኔትወርክ የለም፤ በኬብል የሚያስነሳ ሌላ መኪናም በአቅራቢያው አይታይም።

ቫንን እንደ ቤት ይዞ መጓዝ በተለመደባቸው አሜሪካና አውሮፓ ይህ እንግዳ ታሪክ አይደለም። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚጣለው በባትሪው ላይ ነው፤ «አነሰ» ወይም «አረጀ» ይባላል። መፍትሔ ተብሎ የሚሸጠውም ተለቅ ያለ ባትሪና ተለቅ ያለ ኢንቨርተር ነው። ሆኖም ኤሌክትሪኩ የሚባክነው በአብዛኛው ከባትሪው ወጥቶ ስክሪኑ ጋ እስኪደርስ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው። ገንዘብም ሐሳብም መዋል ያለበት መጀመሪያ እዚያ ላይ ነው።

ከባትሪው ዓይነት እንነሳ። ሞተር የሚያስነሳው ባትሪ ለጥቂት ሰከንድ እጅግ ከፍተኛ ኮረንት ለሞተሪኖ እንዲሰጥ የተሠራ ነው። ለዚህም ሲባል በውስጡ ያሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች ቀጫጭንና ብዙ ናቸው። ለሰዓታት ቀስ እያለ እንዲሟጠጥ ግን አልታሰበም። ሲሟጠጥ በሰሌዳዎቹ ላይ የእርሳስ ሰልፌት ይጋገራል፤ ሳይሞላ ከቆየም ጋገራው ይጠነክርና ባትሪው የቀድሞ አቅሙን አያገኝም። ስሌቱን ማየት ይበቃል። 150 ዋት የሚወስድ ፕሮጀክተርና ድምፅ ማጉያ በኢንቨርተር በኩል ከባትሪው 14 አምፔር ገደማ ይስባል። በሁለት ሰዓት ተኩል ፊልም 35 አምፔር-ሰዓት ያህል ይሄዳል ማለት ነው፤ ባለ 70 አምፔር-ሰዓት ባትሪ በአንድ ምሽት ተጋመሰ። በብርዳማ ጠዋት ለተጋመሰ ባትሪ ሞተር ማዞር ቀላል አይደለም። ስለዚህ ለፊልም፣ ለመብራትና ለማቀዝቀዣ ከሞተሩ ባትሪ የተለየ ሌላ ባትሪ ሊኖር ይገባል። ሁለቱ መገናኘት ያለባቸው ሞተሩ ሲሠራና ዲናሞው ሲሞላ ብቻ ነው። ይህ እንደ ቅንጦት መታየት የለበትም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ኢንቨርተር ነው። የባትሪው 12 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት በኢንቨርተር አማካይነት ወደ 120 ወይም ወደ 230 ቮልት ተለዋዋጭ ጅረት ይቀየራል። ከዚያም የላፕቶፑ ቻርጀር ያንኑ ተቀብሎ ወደ 19 ወይም 20 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት ይመልሰዋል። ከአዲስ አበባ አዳማ ለመድረስ በደሴ በኩል እንደ መዞር ያለ ነገር ነው። በእያንዳንዱ ቅየራ ከመቶ አሥራ ሁለት ያህል ቢባክን ስክሪኑ ጋ የሚደርሰው ከመቶ 77 ብቻ ይሆናል፤ ሌላው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ባለ 2,000 ዋት ኢንቨርተር ደግሞ ምንም ሳይሰካበት እንኳ ኮረንት ይወስዳል። ፊልሙ ካለቀ በኋላ ማጥፋቱ ከተረሳ ሌሊቱን ሙሉ ሲበላ ያድራል። ለ40 ዋት ላፕቶፕ እንዲህ ያለ ኢንቨርተር የሚሸጥ ሰው ለደንበኛው አስቦ ነው ማለት ያስቸግራል።

ቀጥተኛው መንገድ ግን ከጊዜ ወደ ጊዜ እየቀለለ መጥቷል። የዩኤስቢ-ሲ የኃይል ደንብ ለዓመታት እስከ 100 ዋት ይፈቅድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ እስከ 240 ዋት ከፍ ብሏል። ከ12 ቮልት ሶኬት የሚሠራ ጥሩ የዩኤስቢ-ሲ ቻርጀር አብዛኞቹን አዳዲስ ላፕቶፖችና ታብሌቶች፣ አንዳንድ ትንንሽ ፕሮጀክተሮችንም ያለ ኢንቨርተር ያሠራል። በ12 ቮልት የሚሠሩ ቴሌቪዥኖችም አሉ። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። «12 ቮልት» የተባለው የቫን ባትሪ በእርግጥ 12 ቮልት ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሞልቶ ሲያርፍ 12.7 ነው፤ ሲጋመስ ወደ 12.1 ይወርዳል፤ ዲናሞው ሲሞላው ከ14 ያልፋል። ለቤት ተብሎ የተሠራ፣ ከግድግዳ አስማሚው ልክ 12 ቮልት እንዲቀበል የታሰበ ስክሪን በቀጥታ ከተቀጠለ ሊቃጠል ይችላል። ለመኪና የተሠራውን መግዛት፣ ወይም ቮልቴጁን የሚያረጋጋ ትንሽ መሣሪያ በመሃል ማስገባት ያስፈልጋል።

ብዙዎች የሚንቁት ሽቦውን ነው። 300 ዋት በ12 ቮልት 25 አምፔር ነው። ይህ ኮረንት 5 ሜትር ርቀት ባለ 2.5 ስኩዌር ሚሊሜትር ሽቦ ሄዶ ቢመለስ በመንገድ ላይ 1.7 ቮልት ያህል ይጠፋል። በባትሪው ጫፍ 12.2 ቮልት እያለ ኢንቨርተሩ ጋ የሚደርሰው 10.5 ብቻ ይሆናል፤ ኢንቨርተሩም ባትሪው ያለቀ መስሎት ይጮኻል ወይም ይጠፋል። ባለቤቱ አዲስ ባትሪ ሊገዛ ይሄዳል፤ የጎደለው ግን ወፈር ያለ ሽቦ ነበር። ከዚህ የከፋው ፊውዝ ሳያስገቡ መቀጠል ነው። ባትሪ በአጭር ዑደት ሲገናኝ በመቶዎች፣ አልፎ አልፎም ከሺህ በላይ አምፔር ይለቃል። ሽቦው ይግላል፤ ልባሱ ይቀልጣል፤ በእንጨትና በስፖንጅ በተሞላ ቫን ውስጥ፣ ሰው ተኝቶ ሳለ፣ ይህ ምን እንደሚያስከትል መናገር አያስፈልግም። ፊውዙ የሚገባው ደግሞ መሣሪያው አጠገብ ሳይሆን በባትሪው አዎንታዊ ጫፍ አጠገብ ነው። የሚጠብቀው ሽቦውን ነውና።

ሊቲየም ብረት ፎስፌት የተባለው ባትሪ ይህን ሁሉ አይሽረውም? በከፊል እውነት ነው። ከእርሳሱ ይቀላል፤ ከአቅሙ ግማሹን ሳይሆን አብዛኛውን ለመጠቀም ይፈቅዳል፤ ዕድሜውም ይረዝማል። ነገር ግን ከዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መሞላት የለበትም። በስካንዲኔቪያ ወይም በሚኒሶታ ክረምት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቮልቴጁ እስከ መጨረሻው ድረስ እምብዛም ስለማይወርድም የቀረውን በቮልት መለኪያ መገመት አይቻልም፤ የገባውንና የወጣውን አምፔር የሚቆጥር መለኪያ የሌለው ሰው ፊልሙ እመሃሉ ላይ ሲጨልምበት ነው የሚያውቀው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ ችግሩ ተቃራኒ ነው። በበጋ ፀሐይ የቆመ ቫን ውስጥ የእርሳስ ባትሪ ዕድሜ በየ10 ዲግሪ ጭማሪ ወደ ግማሽ እንደሚያጥር በሙያው የታወቀ ስሌት አለ።

ኢንቨርተር ጨርሶ አያስፈልግም ማለት ግን አይደለም። በወር አንድ ጊዜ የቤቱን ፕሮጀክተር ይዞ ለሚወጣ ቤተሰብ አዲስ ዕቃ ከመግዛት 300 ዋት የሚችል ኢንቨርተር ይሻላል። ሞገዱ ንጹሕ የሆነውን መምረጥ ይገባል፤ በርካሹ በድምፅ ማጉያው ውስጥ እዝዝ የሚል ጩኸት ሊሰማ ይችላልና።

24 ኢንች ስፋት ያለው የ12 ቮልት ቴሌቪዥን 25 ዋት ያህል ይወስዳል። በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ ከ100 አምፔር-ሰዓት ባትሪ የሚያነሳው 5 አምፔር-ሰዓት ያህል ነው። የአንሶላው ሲኒማ ግርማ የለውም፤ ልጆቹም መጠጋጋት ይኖርባቸዋል። ማቀዝቀዣው ግን እስኪነጋ ይሠራል፤ የሞተሩም ባትሪ ሳይነካ ያድራል።