ጥለቱና ለባሿ

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው የአበው ብሂል የቀድሞዪቱን እናት ወደ ሸማኔ ደጅ ይልካት ነበር፤ የዛሬዪቱን ግን ወደ ስልኳ ይልካታል። እዚህ በፉሪ እንደምናየው ቀሚሱ በስልክ ታይቶ ይመረጣል፤ ዋጋውም በ2013 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በቴሌብር ይከፈላል። ጥለቱም ብዙ ጊዜ በእጅ የተሸመነ ሳይሆን በባሕር ማዶ መኪና የታተመ ነው።

ይህን ፈጽመን አንነቅፍም። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ብዙ ቀን የደከመበትን መግዛት ያልቻለች እናት በመኪናው ሥራ ልጆቿን አልብሳ ለበዓል ትወጣለችና። ሆኖም መወርወሪያው ሥራ ሲፈታ የሚራበው ቤተሰብ ወገናችን መሆኑን አንርሳ።

ከዚህ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። ስልኩ ፊትን አቅልቶና አለስልሶ ያሳያል። አንዲት የሰፈራችን ልጅ አዲሱን ቀሚስ ለብሳ በመስተዋት ብትመለከት ስልኩ ያሳያትን መልክ አጣችው፤ አዝናም በከተራ ዕለት ታቦቱ ሲወርድ ከቤት ቀረች። በዚያች ሌሊት እናቷ አሮጌ ነጠላዋን አውጥታ በቤተ ክርስቲያን በመስቀለኛ፥ በኀዘን ጊዜ ደግሞ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጎ እንደሚለበስ አሳየቻት። በማግሥቱ ልጅቱ ያንኑ ነጠላ ለብሳ ከእናቷ ጋር ታቦቱን አጅባ ገባች።

መኪና ጥለትን ያትማል፤ አለባበስን የምታስተምር ግን እናት ናት። ሐዋርያው ቅዱስ ጴጥሮስም በመጀመሪያዪቱ መልእክቱ በምዕራፍ 3 ከውጭው ሽልማት ይልቅ የልብን ጌጥ አስቀድሟል። እንግዲህ ወላጆች ሆይ፤ ልብሱን ስትገዙ አለባበሱንም አውርሱ።