«ጃጅተዋል» ማለት ይብቃን!

አንድ አዛውንት በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ያንኑ ወሬ ሦስት ጊዜ ሲደግሙ ብንሰማ፣ «ምን ይደረግ፣ ጃጅተዋል» ብለን እናልፋለን። ልጆቻቸውም ሰው እንዳይሰማ ቤት ያስቀምጧቸዋል። ይህ አክብሮት ሳይሆን መተው ነው።

የአልዛይመር ምልክት የሆነው አሚሎይድ የተባለ ፕሮቲን በአንጎል ውስጥ መከማቸቱ ዱሮ የሚረጋገጠው ከሞት በኋላ ነበር፤ ዛሬ ግን ፔት ስካን በቁም ያሳያል። በአሜሪካ ሜዲኬር ከ2013 ጀምሮ በዚህ ምርመራ ላይ ጥሎት የነበረውን ገደብ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 አንሥቷል። በዚያው ዓመት ሙሉ ፈቃድ ያገኘው ሌካኔማብም፣ የአንጎል እብጠትና መድማት ሊያስከትል ቢችልም፣ የበሽታውን ግሥጋሤ በመጠኑ ያዘገያል። የሚሰጠው ግን አሚሎይድ ለተገኘባቸውና ሕመማቸው ገና ጅምር ላይ ላለ ብቻ ነው። በዝምታችን የምናባክነው እንግዲህ ይህንኑ ጅምር ነው።

«ስካን ከተነሡ ይበቃል» የሚሉም ተሳስተዋል። አሚሎይድ ምንም በማይረሱ አረጋውያን አንጎል ውስጥም ይገኛል፤ የመርሳት ምክንያቱም የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ወይም የታይሮይድ ሕመም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሚቀድመው የሐኪም ጥያቄና የደም ምርመራ ነው።

ጥያቄውን ደግሞ ልጅ አያስተርጉም። እናቱ ቀኑን ሲስቱ አፍሮ «ልክ ናቸው» ቢል ማን ይፈርድበታል? የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ እንጠይቅ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ያሉን እኮ እነዚሁ አባቶችና እናቶች ናቸው።