እናቲቱን ሳያድሱ ልጆቿን መሸጥ



በዚህ ሳምንታዊ የንግድ ዜና ላይ ስለ ሸቀጥ ዋጋ፥ ስለ መንገድና ስለ ግብር ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ግን በመጀመሪያ ሲያዩት የገበሬ እንጂ የነጋዴ አይመስል ይሆናል። ጉዳዩ የድንች ዘር ነው። በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ ገበያዎች ከድንች ንግድ የምታተርፉ ወንድሞቼና እኅቶቼ ጽሑፌን እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ብትመለከቱልኝ፥ ነገሩ የእኛም መሆኑን ትረዱልኛላችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔ የአንድ ነጋዴ ጸሐፊ ነኝ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ከጨረስሁ ወዲህ ሥራዬ የገቢና የወጪ መዝገብ መያዝ ነው። በመዝገባችን ላይ ለብዙ ዓመታት «ድንች» የሚል አንድ ዓምድ ብቻ ነበረን፤ ለወጥ የሚሆነውም ለዘር የሚሆነውም በዚያው ይጻፍ ነበር። ትልልቁ በወረታና ወልዲያ መንገድ በመኪና ተጭኖ ሲሄድ፥ ትንንሹ በመጋዘን ይቀመጥና የተከላ ወራት ሲደርስ «የዘር ድንች» ተብሎ ይሸጥ ነበር። ይህን ስናደርግ ሰው እናታልላለን ብለን አላሰብንም፤ ሌላው የሚያደርገውን ነበር የምናደርገው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሐምሌ ወር አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ከእስቴ ወይና ደጋ ወደ ሱቃችን መጡ። በእጃቸው የጠወለገ የድንች ግንድ ይዘዋል። «ልጄ፥ በግንቦት የሰጠኸኝ ዘር ነው ወይስ በሽታ?» አሉኝ። የምመልሰው ጠፋኝ። በዚያን ሰዓት አንድ የግብርና ባለሙያ በሱቁ ነበሩና ግንዱን በምላጭ ቆርጠው በብርጭቆ በተቀዳ ንጹሕ ውኃ ውስጥ አንጠለጠሉት። ጥቂት ደቂቃ እንደ ቆየ ከተቆረጠው ጫፍ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ወደ ታች ይወርድ ጀመር። «ይህ የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ ነው፤ ከዘሩ ጋር ሊመጣ ይችላል፤ ረጭተው የሚያድኑበት መድኃኒትም የለውም» አሉን። አሠሪዬ የሴትዮዋን ገንዘብ መለሱላቸው። መሬታቸውን ግን ሊመልሱላቸው አልቻሉም፤ በሽታው በአፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያልና።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ ነገሩ ባለሙያዎችን ስጠይቅና ሳነብ ቆይቻለሁ። የተረዳሁትም የሚከተለው ነው።

ጤፍም ስንዴም ሲዘራ የሚዘራው ፍሬው ነው። ድንች ሲተከል ግን የሚተከለው የእናቲቱ የገዛ አካል ነው። ስለዚህ ልጅቱ ከእናቲቱ የተለየች አይደለችም፤ የእናቲቱ ምርታማነት እንዳለ ይተላለፋል፥ ሕመሟም እንዲሁ። አባቶች «ዘር ከልጓም ይስባል» ያሉት ስለ ሰው ቢሆንም፥ ለድንች ይበልጥ ይሠራል። ክሽክሽ ከተክል ወደ ተክል የሚያዛምታቸው ቫይረሶች ደግሞ ቶሎ በዓይን አይለዩም። ቅጠሉ ጥቂት ይጠቀለላል፥ ምርቱ ጥቂት ይቀንሳል፤ በሚመጣው ዓመት ከዚያም ያንሳል። ገበሬው «መሬቱ ደከመ» ይላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የደከመችው እናቲቱ ናት።

የእኛ የነጋዴዎች ጥፋት የሚገለጸው እዚህ ላይ ነው። የታመመ ተክል ብዙውን ጊዜ ትንንሽ ድንች ያፈራል። እኛም ትልልቁን ለወጥ ሸጠን ትንንሹን ሳንመርጥ ለዘር ስናስቀር፥ ሳናውቀው በሽተኛዋን እናት እያራባን ነው። ከብት አርቢ ደህናውን ወይፈን ለሥጋ ሸጦ ከሲታውን ለዘር ቢያስቀር ሰው ሁሉ በሳቀበት ነበር።

በሌላው ዓለም የደረሰውንም ማስታወስ ይገባል። በአየርላንድ ድኻው ሕዝብ በአብዛኛው «ላምፐር» የተባለ አንድ ዓይነት ድንች ብቻ ይተክል ነበር። በ1845 እ.ኤ.አ. ቅጠል የሚያቃጥልና ድንቹን የሚያበሰብስ በሽታ በገባ ጊዜ ሁሉም የአንዲት እናት ልጆች ስለ ነበሩ አንዱም ሊቋቋመው አልቻለም፤ በተከተሉት ዓመታት አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረኃብና በወረርሽኝ አለቀ። እንግዲህ እናቲቱን ማደስ ብቻ ሳይሆን፥ ከአንዲት እናት በላይ መያዝም ያስፈልጋል።

በእኛ አገር ምርጫ አልጠፋም። የአዴት የምርምር ማዕከል በ2002 እ.ኤ.አ. «ጓሳ» የተባለውን፥ የሆለታ ማዕከል ደግሞ በ2009 እ.ኤ.አ. «በለጠ» የተባለውን ዝርያ አውጥተዋል። ነገር ግን ጥሩ ስም ያለው ዝርያም ቢሆን ከገበያ ወደ ማሳ፥ ከማሳ ወደ ገበያ ለዓመታት ሲመላለስ ስሙን እንደ ያዘ ጤናውን ያጣል። በጆንያው ላይ «በለጠ» ተብሎ መጻፉ እናቲቱ መቼ እንደ ታደሰች አይነግረንም።

ንጹሕ እናት የምትገኝበት መንገድ የታወቀ ነው። ከቡቃያው ጫፍ እጅግ ትንሽ ቁራጭ ተወስዶ በብልቃጥ ውስጥ ይበቅላል፤ ቫይረስ ብዙውን ጊዜ እስከዚያ ጫፍ አይደርስምና። የበቀለው ከተመረመረ በኋላ በየአንጓው እየተቆረጠ ይባዛል፤ በወንፊት በተከለለ ቤት ተተክሎም ትንንሽ ድንቾችን ያፈራል፤ እነዚያም ክሽክሽ በማይበዛበት ቀዝቃዛ ደጋ ላይ ለዘር ይባዛሉ። በብልቃጥ ያለችው እናት እንኳ በየጥቂቱ ሳምንት ወደ አዲስ ምግብ ትዛወራለች፥ ትመረመራለች፥ ከጊዜ በኋላም በሌላ ትተካለች። በቆቃ አካባቢ የአበባ ቁርጥራጭ እያመረቱ ወደ አውሮፓ የሚልኩ እርሻዎችም ሥራቸው ሁሉ የተመሠረተው በእናት ተክሎች ንጽሕና ላይ ነው፤ እናቲቱ ያረጀች ወይም የታመመች እንደ ሆነ ገዢው አይታገሣቸውም። አበባ ለሚገዛ የውጭ አገር ነጋዴ የሚደረገው ጥንቃቄ ለራሳችን ገበሬ ስለ ምን ይቀራል?

አንዳንድ ሰዎች «ንጹሕ ዘር ውድ ነው፥ ገበሬውም አይገዛውም» ይሉ ይሆናል። ይህ ክርክር የሚናቅ አይደለም፤ ለአንድ ሔክታር 20 ኩንታል ያህል ዘር ያስፈልጋልና። ሆኖም ሁሉን በአንድ ጊዜ መለወጥ ግድ አይደለም። ሩብ ሔክታር የሚተክል ገበሬ 5 ኩንታል ይፈልጋል። ከዚህ ውስጥ 50 ኪሎውን ብቻ ንጹሕ ዘር ገዝቶ ድንች ባልነካው ጥግ ለብቻው ቢተክልና አሥር እጥፍ ቢያፈራለት፥ ለሚመጣው ዓመት 5 ኩንታሉን ከራሱ እናት ማሳ ያገኛል። በየዓመቱ መግዛት የማይችል በየሦስት ዓመቱ ያድስ፤ በመካከሉም ተክሉ ሲያብብ ጤነኞቹን በችካል ምልክት አድርጎ ለዘር ለብቻቸው ይቆፍር። አጠውልግ የታየበት ማሳ ግን ምርጫ የለውም፤ ደህና የመሰለው ተክልም በሽታውን ደብቆ ሊይዝ ስለሚችል ከዚያ ማሳ ለዘር አንድም ድንች አይወሰድ።

ሌሎች ደግሞ «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» ይላሉ። ምርምሩ የመንግሥት ነው፤ ጆንያውን የምንሸጠው ግን እኛ ነን። ዘር መነገድም የብቃት ማረጋገጫ የሚጠይቅ ሥራ ነው እንጂ ማንም እንደ ፈቀደ የሚገባበት አይደለም። ስለዚህ በበኩሌ ለንግድ ምክር ቤታችን የሚከተለውን ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፥ ማረጋገጫ የሌለው ድንች በማንኛውም ሱቅ «ዘር» ተብሎ እንዳይጠራ በመካከላችን እንስማማ። ሁለተኛ፥ የነፋስ መውጫ፥ የአርብ ገበያ፥ የወገዳና የመካነ ኢየሱስ ነጋዴዎች ተባብረን ከታወቁ ዘር አባዢዎች በቅድሚያ እንዘዝ፤ በ50 ኪሎ ከረጢትም ተደርጎ የዝርያው ስም፥ የተመረተበት ቦታና እናቲቱ የታደሰችበት ዓመት ይጻፍበት። ሦስተኛ፥ የዘር ድንች በጆንያ ታፍኖ በጨለማ አይቀመጥ። በጨለማ ነጭና ረጅም ቡቃያ አውጥቶ ይሰባበራል፤ የተበተነ ብርሃን በሚገባበት መደርደሪያ ላይ ግን አጭርና ጠንካራ ቡቃያ ያወጣል። ብርሃን አግኝቶ የአረንጓደ ድንች መርዝነት ስላለው ለምግብ አይሆንም፤ እንዲህ ሲሆን የዘሩና የወጡ ድንች በመልክም ይለያያሉ።

ይህ ሁሉ ወጪ እንዳለው አልክድም። በመጀመሪያው ዓመት ትርፋችን ይቀንስ ይሆናል። ነገር ግን የገበሬው ማሳ በታመመ ቁጥር የምንጭነው ድንች ራሱ ይጎድላል፤ መኪናው በግማሽ ጭነት ሲሄድ ኪራዩ አይቀንስልንም።

በእኛ ሱቅ መዝገብ ላይ አሁን ሁለት ዓምዶች አሉ፤ አንዱ የወጥ፥ ሁለተኛው የዘር። የዘሩ ዓምድ ዘንድሮ ባዶ ነው፤ የሚታመን ዘር እስክናገኝ ድረስ ለዘር አንሸጥም ብለን ወስነናልና። እኒያ እናት ከዚያን ቀን ወዲህ ወደ ሱቃችን አልተመለሱም። ቢመለሱ ግን የምሰጣቸውን ጆንያ ከየት እንደ መጣ በመዝገብ ላይ አንብቤ ልነግራቸው እፈልጋለሁ። ይህን ዓምድ ብቻችንን ልንሞላው ስለማንችል፥ ምክር ቤታችን የተከላው ወራት ሳይደርስ በጉዳዩ ላይ እንዲመክርበት በታላቅ አክብሮት አሳስባለሁ።