ከአፍ ከወጣ አፋፍ፦ የቴሌቪዥን ወንጀል ድራማና የፈራው ምስክር

ሁለት መርማሪዎች በር ያንኳኳሉ። በሩን የምትከፍተው ሴት የበሩን ሰንሰለት ሳታወልቅ በክፍተቱ ታያቸዋለች። ከሁለት ቀን በፊት ከመስኮቷ ፊት ለፊት አንድ ሕፃን እየተጎተተ ወደ መኪና ሲገባ አይታለች፤ መርማሪዎቹም ማየቷን ያውቃሉ። እሷ ግን «ምንም አላየሁም» ትላለች። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ተመልካች ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። ወጣቱ መርማሪ ይቆጣል። ሽማግሌው ለስለስ ብሎ የሕፃኑን ፎቶግራፍ ጠረጴዛው ላይ ያኖርና «የእርስዎ ልጅ ቢሆንስ?» ይላታል። ሴትየዋ ታለቅሳለች፤ የታርጋውን ቁጥር ትናገራለች፤ ሰዓቱ ሳይሞላ ሕፃኑ እናቱ እቅፍ ውስጥ ይገባል። ሴትየዋ ያን ሌሊት የት እንዳደረች፣ የአጋቹ ወንድሞች ቤቷን ያውቁት እንደሆነ የሚናገር ግን የለም። ድራማው ከእሷ የሚፈልገውን ወስዷል፤ ጉዳዩ ተዘግቷል።

ይህ ትዕይንት የተወሰደው ከአንድ ድራማ አይደለም። በአሜሪካና በእንግሊዝ የቴሌቪዥን ወንጀል ድራማዎች ውስጥ ስሙንና ከተማውን እየለወጠ ለአሥርተ ዓመታት ሲመላለስ የኖረ ነው። የሚያስተምረውም ትምህርት አንድ ነው፦ ወንጀለኛው እስካሁን ያልተያዘው ምስክሩ ስለፈራ ነው፤ ፍርሃቱም የምስክሩ የራሱ ጉድለት ነው። ትምህርቱ ሐሰት ነው። ከሐሰትነቱ የሚከፋው ደግሞ የሚያገለግለው ወገን ነው። ምስክሩን መጠበቅ የነበረበትን መሥሪያ ቤት ከተጠያቂነት አውጥቶ፣ ዕዳውን መስኮት ዳር በቆመችው ሴት ላይ ይጭናል።

የዚህ ዓይነቱ ድራማ አባት «ድራግኔት» ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1951 ከሬዲዮ ወደ ቴሌቪዥን ሲሸጋገር (ከዚህ በኋላም ተለይቶ ካልተጻፈ በቀር የዓመታቱ አቆጣጠር የፈረንጅ ነው) ፈጣሪውና ዋና ተዋናዩ ጃክ ዌብ ታሪኮቹን ከሎስ አንጀለስ ፖሊስ መዝገብ እየወሰደ፣ በፖሊስ መሥሪያ ቤቱ ትብብር ነበር የሚሠራው። መሥሪያ ቤቱም ድርሰቱን አስቀድሞ ያየው ነበር። ውጤቱ ምን እንደሚሆን ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። ካሜራው ከፖሊሶቹ ጋር ወደ ምስክሩ ቤት ይገባል፤ ከፖሊሶቹ ጋርም ተመልሶ ይወጣል። እነሱ ከሄዱ በኋላ በዚያ ቤት የሚሆነውን አያይም። የተከታዮቹ ድራማዎች መልክ ቢለያይም ይህን የካሜራ ልማድ አብዛኞቹ ወርሰውታል።

እውነተኛው መዝገብ ግን ሌላ ይናገራል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ከታወቁት እገታዎች ሁሉ የገነነው የአውሮፕላን አብራሪው የቻርልስ ሊንድበርግ ልጅ መሰረቅ ነው። የ20 ወር ሕፃኑ ማርች 1 ቀን 1932 በኒው ጀርሲ፣ ሆፕዌል አጠገብ ከሚገኘው ቤት ከአልጋው ተወሰደ። 50,000 ዶላር የሚጠይቅ ደብዳቤ መስኮቱ ሥር ተገኘ። ገንዘቡ ተከፈለ፤ ሕፃኑ ግን ሜይ 12 ቀን ከቤቱ ብዙም ሳይርቅ ሞቶ ተገኘ።

ቫዮሌት ሻርፕ በሕፃኑ አያት ቤት የምትሠራ እንግሊዛዊት የቤት ሠራተኛ ነበረች። ፖሊሶች ያን ምሽት የት እንደነበረች ሲጠይቋት ቃሏ ተለዋወጠ። የምትደብቀው ነገር እንዳለ ግልጽ ነበር። የደበቀችው ግን የአጋቹን ስም አልነበረም። መጠጥ በሕግ በተከለከለበት ዘመን፣ በቅጡ ከማታውቀው ወንድ ጋር ወደ ድብቅ መጠጥ ቤት መሄዷን ነበር። በሰው አገር፣ በጌቶች ቤት ለምታድር ሠራተኛ ይህ ቀላል ምስጢር አይደለም፤ ስምም እንጀራም የሚያሳጣ ነው። መርማሪዎቹ ደጋግመው ጠየቋት። ጁን 10 ቀን 1932፣ እንደገና ልትጠየቅ መሆኑን ስትሰማ የብር ዕቃ ማጽጃ መርዝ ጠጥታ ሞተች። ከሞተች በኋላ አብረዋት ያመሹት ሰዎች ተገኙ፤ ያን ምሽት የነበረችበትም ተረጋገጠ። በእገታው እጇ እንደነበረበት የሚያሳይ ነገር አልተገኘም።

በቴሌቪዥኑ ሕግ ቢሆን ቫዮሌት ሻርፕ በመጨረሻ «የምትናገረው» ሴት ነበረች። ትንሽ ተጨማሪ ጫና፣ ትንሽ ተጨማሪ ፎቶግራፍ፣ ከዚያ እንባና እውነት። በመዝገቡ ግን ጫናው ያመጣው ሬሳ ነው።

በዚያው ጉዳይ ሁለተኛ ምስክር አለ፤ ጡረታ የወጣው የብሮንክስ መምህር ጆን ኮንደን። በመካከለኛነት ገብቶ ገንዘቡን በሌሊት፣ በመቃብር ስፍራ ለተቀባዩ ያስረከበው እሱ ነው። በሴፕቴምበር 1934 ብሩኖ ሃውፕትማን ተይዞ ከሌሎች ጋር ተሰልፎ ሲቀርብለት፣ ኮንደን «ሰውየው ይህ ነው» ብሎ ቁርጥ አድርጎ ለመናገር አልፈቀደም። በጃንዋሪ 1935 በተከፈተው ችሎት ግን ያለ ማመንታት ለይቶ ጠቆመው። ሃውፕትማን ኤፕሪል 3 ቀን 1936 በኤሌክትሪክ ወንበር ተቀጣ። በጥፋተኛነቱ ላይ ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም፤ ለዚህ ጽሑፍ ያንን መፍታት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው አንድ ጥያቄ ነው፦ ከሁለቱ ኮንደኖች ታማኙ ምስክር የትኛው ነበር? በሰልፉ ፊት ያመነታው ወይስ አገር ሁሉ ፈርዶ ከጨረሰ በኋላ በችሎት ያላመነታው? የቴሌቪዥን ድራማ ማመንታትን ሁልጊዜ እንደ እንቅፋት ያሳያል፤ በጽናት ገፍተውት የሚያልፉት ነገር ነው። ማመንታት ራሱ ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል፣ ሐቀኛ ሰው በጨለማ ያየውን ፊት ሲጠየቅ የሚሰጠው ሐቀኛ መልስ ሊሆን እንደሚችል አይታየውም።

ሕጉም የድራማውን ያህል ያዳላል። የአሜሪካ ምክር ቤት እገታን የፌዴራል ወንጀል ያደረገውን ሕግ ያወጣው ጁን 22 ቀን 1932 ነው፤ ሕፃኑ ከተሰረቀ አራት ወር ሳይሞላ፣ ቫዮሌት ሻርፕ በሞተች በ12ኛው ቀን። ለምስክሮች የፌዴራል ጥበቃ ሥርዓት መሠረት የጣለው ሕግ ግን እስከ 1970 አልመጣም፤ የመጣውም የተደራጁ ወንጀለኞችን ለመክሰስ ምስክር ስላስፈለገ ነው። ለመቅጣት ወራት በቁ፤ ለመጠበቅ 38 ዓመት ፈጀ።

አጋታ ክሪስቲ በ1934 ባሳተመችው የኦሪየንት ኤክስፕረስ ልብ ወለዷ ይህን ሁሉ አይታዋለች። በመጽሐፉ ውስጥ ከታገተችው ሕፃን ሞት ጀርባ በሐሰት ተጠርጥራ ራሷን ያጠፋች ሠራተኛ አለች። በባቡሩ ውስጥ ያሉት ምስክሮች ሁሉ ለመርማሪው ለፗሮ የሚዋሹት፣ ሕግ ከዳን ብለው ስላመኑ ነው። በዴቪድ ሱሼ ተዋናይነት በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ከ1989 እስከ 2013 የታየው ተከታታይ ድራማ ይህን ታሪክ በ2010 ሲያቀርብ፣ በመጽሐፉ የሌለ መግቢያ ጨመረለት። ፗሮ አንድ ወጣት መኮንን መዋሸቱን እየዘረዘረ ያፋጥጠዋል፤ መኮንኑም እዚያው፣ በፊቱ፣ ራሱን በጥይት ያጠፋል። ፗሮ ልክ ነበር። ሰውየው ዋሽቷል። ልክ መሆኑ ግን ሰውየውን አላዳነውም። አንድ የወንጀል ድራማ የራሱን ጀግና እንዲህ ሲከስስ ማየት ብርቅ ነው፤ ዘውጉ እውነትን መናገር ስለማይችል ሳይሆን ስለማይፈልግ እንደሚሸሽ የሚያሳየውም ይኸው ብርቅነቱ ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ። «ዘ ዋየር» በ2002 በባልቲሞር ከተማ ታሪኩን ሲጀምር፣ በመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ላይ መንገድ ዳር የሚገኘው ሬሳ በችሎት ቆሞ የመሰከረ የአንድ ተራ ሠራተኛ ነው። በአራተኛው ምዕራፍ ደግሞ ራንዲ የሚባል ታዳጊ ለፖሊስ መናገሩ በአንድ መርማሪ ግዴለሽነት አፈትልኮ ይወጣል፤ የሚኖርበት ቤት ይቃጠላል፤ አሳዳጊውም ክፉኛ ትጎዳለች። ልብ ወለድ ነው፤ ነገር ግን በዚያችው ባልቲሞር በኦክቶበር 2002 በሰፈሯ አደንዛዥ ዕፅ የሚሸጡትን ለፖሊስ ትጠቁም የነበረች እናት ከባለቤቷና ከአምስት ልጆቿ ጋር በቤታቸው በተለቀቀ እሳት አልቀዋል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚለው የአበው ቃል በባልቲሞርም ይሠራል።

እዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ሁሉም ከፈራ ማን ይመስክር? ምስክር ከሌለ አጋቹ ነገ ሌላ ልጅ ይወስዳል፤ ዝምታም ለአጋቹ ጋሻ ነው። ይህ እውነት ነው፤ ሊሸፋፈንም አይገባም። እውነት የሚሆነው ግን የዕዳው ሌላኛ ወገን ሲነገር ነው። መመስከር ግዴታ ከሆነ ምስክርን መጠበቅም ግዴታ ነው፤ ሁለተኛውን ሳይከፍል የመጀመሪያውን የሚጠይቅ ድፍረትን በነጻ ሊወስድ የመጣ ነው። አፍ ዳገት አይፈራም ይባላል፤ ዳገቱን የሚወጣው ግን አፍ ሳይሆን እግር ነው። ሶፋ ላይ ተቀምጦ «ለምን አትናገርም?» ማለት ከአፍ የሚወጣ ጀግንነት ነው።

ይህ ሙግት ለአማርኛ አንባቢ የሩቅ አገር የቴሌቪዥን ወሬ አይደለም። የሲና በረሃ የእገታ ዓመታት፣ ከዚያም የሊቢያ መጋዘኖች፣ አንድን ሌላ ዓይነት ምስክር ፈጥረዋል፤ በስልክ የሰማውን። በዋሽንግተን፣ በስቶክሆልም ወይም በጅዳ ስልኩ ይጮኻል፤ የእህቱ ወይም የወንድሙ ልጅ ድምፅ እያለቀሰ ይመጣል፤ ከዚያ ሌላ ድምፅ ገብቶ የገንዘቡን መጠን ይናገራል። ያ ሰው ከወንጀሉ ምስክሮች ዋነኛው ነው። ድምፁን ሰምቷል፤ ገንዘቡ ለማን እንደተላከ ያውቃል፤ ብዙ ጊዜ ግን ዝም ይላል። ዝም የሚለው ታጋቿ ገና በእጃቸው ስለሆነች ነው። የመኖሪያ ፈቃዱ ያልጸና ከሆነም፣ ገንዘቡ በሐዋላ ከሄደም፣ ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ የሚጀምረው ታሪክ በራሱ ላይ እንዳይዞር ይፈራል። በቡና ላይና በማኅበር ስብሰባ ግን «እየከፈላችሁ ነው ያደለባችኋቸው» ተብሎ ይወቀሳል። ወቃሾቹ ድራማውን አይተውታል፤ የሽማግሌውን መርማሪ ሚና ወስደዋል።

የተናገረስ ምን አገኘ? በሊቢያ በኒ ዋሊድ ስደተኞችን በማገትና በማሰቃየት የተከሰሰው ኪዳነ ዘካርያስ ሀብተማርያም በ2020 አዲስ አበባ ላይ የተያዘው ከእጁ የተረፈ አንድ ሰው መንገድ ላይ አይቶ ስለለየው ነው። የትኛውም የቴሌቪዥን ድራማ ከዚህ የበለጠ ትዕይንት አይጽፍም። የተሰቃየው ሰው አልሸሸም፤ አልተደበቀም፤ ጠቆመ። በ2021 ግን ተከሳሹ ችሎቱ ሳያልቅ አመለጠ፤ ጥፋተኛ የተባለውም በሌለበት ነው። ሱዳን ውስጥ እንደገና የተያዘው በ2023 መጀመሪያ ነው። በመካከል ባሉት ወራት የመሰከሩት ሰዎች በየትኛው እንቅልፍ እንዳደሩ መጠየቅ ተገቢ ነው። ኢትዮጵያ የጠቋሚዎችና የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699ን ካወጣች ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የሕግ ጉድለት አለ ማለት አይቻልም። አጋች ከፍርድ ቤት ሲያመልጥ ግን አዋጁ ለምስክሩ ወረቀት ብቻ ይሆናል።

የጥንቱ አፈርሳታ እንኳ ከዚህ የተሻለ ነገር ነበረው። አገሬው ሁሉ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ፣ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ወደ ቤቱ አይበተንም ነበር። አሠራሩ ጭካኔም በደልም ነበረበት፤ ይመለስ የሚል የለም። አንድ ነገር ግን ያውቅ ነበር፦ የመመስከርን ሸክም በአንዲት ሴት መስኮት ላይ አይጥልም። ሸክሙ የአገሬው ሁሉ ነው።

የእገታው ዘመን ገና አላበቃም፤ የአማርኛ ድራማ ጸሐፊዎችም ይህን ታሪክ መጻፋቸው አይቀርም። ሲጽፉት ያቺን በር የምትከፍተውን ሴት ከፈረንጅ ድራማ እንዳለች ባይዋሷት መልካም ነው። ትፍራ፤ ፍርሃቷም ምክንያት ይኑረው። ትናገርም እንደሆነ ካሜራው ከፖሊሶቹ ጋር አይውጣ። በማግስቱ ጠዋት ልጇን ወደ ትምህርት ቤት ስትወስድ ማን አብሯት እንደሚሄድ ያሳይ። ማንም አብሯት የማይሄድ ከሆነ ደግሞ ተመልካቹ ያንን ይይ፤ ከዚያ በኋላ ለምን ዝም እንዳለች ይጠይቅ።